ያልተከፈተው ሞተር

«አንድ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ኅሩይ።

ደጀኔ ግራ ተጋባ። እሱ የጠየቃቸው ስለ ትዳሩ ነበር። ከመንፈቅ በፊት ሕፃን ልጃቸውን ቀብረዋል። ከዚያ ወዲህ ከባለቤቱ ጋር ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ደግ ቃሉም ግን እየሳሳ መጥቷል። አሁን ደግሞ ባለቤቱ «ሽማግሌ ይቀመጥልን» ትላለች። የደጀኔ ቤት ከሠርጉ ወዲህ አስታራቂ ሽማግሌ ደጁን ረግጦት የማያውቅ ቤት ነው፤ እሱም በዚህ ይኮራል። «ሳንጣላ ለምን ገበናችንን ሰው ፊት እናወጣለን?» ነበር ጥያቄው። የኔታ ቤታቸው ከጋራዥ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ነው መሰል፣ ምሳሌያቸው ሁሉ ግሪስ ግሪስ ይላል። ደጀኔ ይህን ያውቃልና አደመጠ።

የኔታም ቀጠሉ፦ ያ ሹፌር የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። የሚኒባሱ ሞተር ተከፍቶ አያውቅም። ሹፌሮች ተራ እየጠበቁ ወሬ ሲያነሡ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «የኔዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ መፍቻ አልነካትም» ይላል። አንተም ታውቀዋለህ፤ እኛ ዘንድ መኪና ሲሸጥ ከቀለሙም ከጎማውም በፊት የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ሞተሩ ተከፍቷል ወይ? ተከፍቷል ከተባለ ለምን እንደተከፈተ የሚጠይቅ የለም፤ ገዢው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሰውየው ክብሩን ሁሉ ባልተፈታ ብሎን ላይ አስቀምጦ ኖረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲሄድ ደህና ነው፤ የሚብስበት ሲቆም ነው። ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ትርገፈገፋለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። ሰውየው ምን አደረገ? ሚኒሞውን ከፍ አደረገው፤ ቆማም ቢሆን ሞተሩ በኃይል እንዲዞር ማለት ነው። ጩኸቱ መንቀጥቀጡን ዋጠለት። ሲብስበት ደግሞ ከፍ አደረገው። የላስቲክ ቱቦዎቹን በፕላስተር ጠቀለለ፤ የተጠራጠረውን ቦታ ሁሉ በልብስ ሳሙና መረገ። ድምፅዋን ለሚሰማ ከማንም መኪና የበረታች ትመስል ነበር።

መካኒክ ዘንድ መሄዱ አልቀረም። መካኒኩ ቀልደኛና ችኩል ሰው ነበር። መጀመሪያ «ካንዴላ ነው» ብሎ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሁሉ ቀየረ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ግን ተረጋግቶ ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ አናት ላይ ከተቀመጠው ከአየር ማስገቢያው ሥር በሲሪንጅ ውኃ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ድምፁ ለአፍታ ተስተካከለ። ውኃው ሲያልቅ ተመልሶ ተበላሸ።

«ሰማህ?» አለው። «ሞተር የሚተነፍሰው በበሩ በኩል ነበር፤ ይሄ ግን እዚህ ሥር በቀዳዳ አየር ይሰርቃል። ይሄን ከላይ ያለውን በሙሉ ካላነሣሁት እጅ አይገባበትም።»

«ልትከፍታት?»

«ታዲያ በጸሎት ልድፈነው? ደግሞ ይሄ እኮ ሞተር መክፈት አይባልም፤ ያው የአየር ማስገቢያውን ማንሣት ነው።»

«ይሄን ለገዢ ንገርልኛ!» አለ ሰውየው። «ተወው፣ ስሟን አላጠፋም።» ኮፈኑን ዘግቶ ሄደ።

አትፍረድበት። የሚወዳት መኪናው ናት፤ ያለ እንከን ሆና እንድትታይለት መመኘቱ ኃጢአት አይደለም። የማያውቀው ነገር ቢኖር ፍሬኑን የሚያለሰልስለት ያው ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል መሆኑን ነው። ይህ ኃይል በቀዳዳው ሲባክን ፍሬኑም ይደርቃል።

አንድ ረፋድ ላይ መኪናዋን ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ አልሄድ አለው። በሁለት እግሩ ቆመበት። መኪናዋ እየገፋችው ወረደችና መንገድ ዳር ከተከመረ አሸዋ ጋር ተላትማ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ከአሸዋው ወዲያ ግን ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ልትመዝነው ያነሣችውን ሽንኩርት እንደያዘች በፊት መስተዋቱ በኩል እሱን እሱን ታየዋለች። ሰውየው ዓይኗን መቋቋም አቃተው።

ከተሳፋሪዎቹ የሰደበው የለም። አንዲት እናት ሲወርዱ ትከሻውን ነካ አድርገው «አይዞህ ልጄ፤ ታማብሃለች እኮ፣ አሳያት» አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በዝግታ እየነዳ መካኒኩ ጋ ደረሰ። ኮፈኑን ከፈተ፣ መፍቻ አነሣና የመጀመሪያዋን ብሎን ራሱ ፈታ።

መካኒኩም ለወጉ እንኳ አልቀለደበትም። የቀሩትን ብሎኖች ፈትቶ በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰካቸው። የአየር ማስገቢያውን አንሥቶ ጎን አስቀመጠና አፋቸውን የከፈቱትን ቀዳዳዎች ቆሻሻ እንዳይገባባቸው በንጹሕ ጨርቅ ደፈናቸው። ሰውየው አላፊ አግዳሚው እንዳያያት በጀርባው ከልሏት ቆመ። ሥሩን ሲያዩት በመጋጠሚያው አየር እንዳያልፍ የሚደረገው ስስ ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ደርቆ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል።

«ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት።»

ሰውየው የተሰነጠቀውን ጋስኬት በመዳፉ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ፕላስተርና ሳሙና ይቺን ለመሸፈን ነበር። መካኒኩ ቦታውን ጠርጎ አዲስ አስገባበት፤ ሁሉን በየቦታው መልሶ አጠበቀ፤ ሚኒሞውንም ዝቅ አደረገው።

«አስነሣት» አለው።

ሰውየው ቁልፉን አዞረና ጩኸቷን ጠበቀ። ጩኸት የለም። «ጠፋች!» ብሎ ደንግጦ ደግሞ ሊያዞር ሲል መካኒኩ ከመቀመጫው አስወርዶ እጁን ሞተሩ ላይ አኖረለት። ሞተሩ በጸጥታ ይዞር ነበር። ሰውየው እጁን ከዚያ ሳያነሣ አለቀሰ።

በማግሥቱ ተራ ላይ አንዱ ሹፌር በነገር ጎሸም አደረገው፤ «ያቺ ያልተነካችው ሞተርህ ተከፈተች አሉ?»

«አዎ፣ ተከፍታለች» አለ። «የከፈትኳትም እኔው ነኝ።»

የኔታ ኅሩይ ይህን ብለው ወደ ደጀኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሹፌሩ አንተ ነህ። ያልተከፈተው ሞተር ደግሞ ሽማግሌ ያልገባበት ቤትህ ነው። አልተጣላንም አልከኝ፤ አምንሃለሁ። ግን ቤታችሁ ጸጥ ሲል ምን ታደርጋለህ? ሬዲዮ ትከፍታለህ፤ እንግዳ ትጠራለህ፤ የእድሩን ሥራ ሁሉ አምጡልኝ ትላለህ። ይሄ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ነው። ከለቅሶው በኋላ የሕፃኑ ስም በቤት እንዳይነሣ ማድረግህን ሰምቻለሁ። ለእሷ አዝነህ ነው፤ ክፋት የለብህም። ግን እሱም ያው ሳሙናው ነው። የተሰነጠቀው ከሥር ነው፤ እሷም እዚያው ሥር ብቻዋን ናት። ሽማግሌ ይቀመጥልን ስትልህ ልትከስህ አይደለም፤ ክፈተው እያለችህ ነው። ቁልቁለቱን አትጠብቅ።»

ደጀኔ «እሺ፣ ማን ማን ይምጣ ታዲያ፣ የኔታ?» አለ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ» አሉት። «የመጀመሪያዋን ብሎን ግን አንተው ፍታ። ገና ከደጅ ስትገባ የልጃችሁን ስም አንሣላት።»