«ኡች» ሲባል የሚነሳው ምሰሶ

አንድ ጉልበተኛ ሰው ነበር፤ ደምመላሽ ይባላል። እንጀራ ፍለጋ ወደ ቱርኮች አገር ተሻግሮ፣ አብሮ አደጉ ሽብሩ ከሚሠራበት የግንበኞች ቡድን ገባ። እዚያ ከባድ ድንጋይ የሚነሳው ሁሉም ገመድ ይዞ፣ ጀላል የተባለው ሽማግሌ አለቃ «ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች!» ብሎ ሲቆጥር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለቱ ነው። «ኡች» ሲል ሁሉም እኩል ይስባል።

ሽብሩ «ና እንጂ፣ ቁጥሩን ላስጠናህ» ቢለው፣ «እባክህ ተወኝ! ጉልበት አስተርጓሚ አይሻም» ብሎ ሳቀበት። ወይ ሰው!

አንድ ቀን ትልቅ የእምነበረድ ምሰሶ ሲነሳ ደምመላሽ «ኢኪ» ላይ ሳበ። ምሰሶው ዞረና የሽብሩን እግር ሰበረው። ጀላል ገመዱን ከደምመላሽ እጅ ወስዶ የውሃ ባልዲ አስያዘው። ያ ሁሉ ጉልበት ውሃ አመላላሽ ሆኖ ቀረ።

ደምመላሽ አንገቱን ደፍቶ ሽብሩ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። እባክህ አስተምረኝ» አለው።

«እግሬ እስኪድን የት እሄዳለሁ? በል፣ እኔ ስቆጥር ተቀበለኝ» አለ ሽብሩ።

ከዚያ ወዲያ ባልዲ ተሸክሞ ሲሄድ እንኳ በእርምጃው ይቆጥር ነበር፤ ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች፣ ዶርት፣ በሽ። ሠራተኞቹ ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል።

የመጨረሻው ምሰሶ የሚቆምበት ቀን ደረሰ። ምሰሶው ገና በከፊል እንደተነሳ ጀላልን አቧራ አነቀውና ድምፁ ተቋረጠ። ሁሉም ተደነጋገረ። ገመዱ ካመለጠ ከሥር ያሉት ማለቃቸው ነው። ደምመላሽ ባልዲውን ወርውሮ ገመዱን ጨበጠና በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦ «ቢር! ኢኪ! ኡች!» ሁሉም እኩል ሳቡ። ደግሞ ቆጠረ፤ ደግመው ሳቡ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጀላል ትንፋሹ ሲመለስለት የደምመላሽን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «በእናንተ አገርስ እንዴት ይቆጠራል?» ሲል ጠየቀው።

ሽብሩ በክራንች እያነከሰ ወደ ሥራ ቦታው የተመለሰ ዕለት ጆሮውን ማመን አቃተው። ቱርኮቹ ገመድ ይዘው «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ ድንጋይ ያነሳሉ፤ የሚያስቆጥራቸው ደምመላሽ ነው። ሽብሩ እንባው መጣ። «ኮራሁብህ!» አለው። ኩራትስ እንዲህ ነው!

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳው ሰው እኩል ሲያነሳ ነው። የሌላውን ቁጥር መማር ከራስ አያጎድልም፤ እንዲያውም ያከበሩት ሰው መልሶ ያከብራል። እርስዎስ አብሮዎት ገመድ የያዘው ሰው እንዴት እንደሚቆጥር ያውቃሉ?