«ር» አልልም ያለችው ቁልፍ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የማወራችሁ ነገር አንዱ አንዱን እየጎተተ፣ ደሴን ከላይ እስከ ታች ያስሮጠ ነው።

እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ታይፒስት ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ። ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሳሉ ክረምት ላይ ዳገቱ አዳለጣቸውና እጃቸው ተሰበረ። አጥንቱ ጠገነ፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ድሮው አልዘረጋ አሉ፤ የኮምፒውተሩ የፊደል ሰሌዳ ሰፋባቸው። ዘመድ ሁሉ መጻፉ ይቅርብዎ አላቸው። እሳቸው ግን እጄ ካጠረ ሰሌዳውም ይጠር ብለው ተነሡ።

የሰሌዳ መሥሪያ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ከዋንዛ እንጨት ሣጥን አስጠረቡ። ከየቁልፉ ሥር ሞላ ያላት ትንሽ ቤት እየተከሉ፣ ስታኞ እያቀለጡ እየበየዱ፣ በሦስት ሳምንት ጨረሱት። አርባ ስምንት ቁልፍ፣ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት፤ እንደ ፊደል ገበታ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ፣ አንዱ ካንዱ የማይዛነፍ። ጣት ሳይንጠራራ ሁሉም ይደረስበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከስልካቸው ጋር በገመድ አገናኙትና ልባቸው እየዘለለ ስማቸውን ጻፉ። «ደቢቱ» ብሎ ወጣ። ደገሙት። አሁንም «ደቢቱ»። አርባ ሰባቱ ሲናገሩ አንዷ፣ የ«ር» ቁልፍ፣ ጭጭ ብላለች። ገልብጠው ቢያዩ ከሥሯ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተበጥሳለች። እሷን ለመቀጠል ከእሳቸው የጸና እጅ ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን በሻሽ ጠቅልለው ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ደረሱ። ጋሽ እንድሪስ ሻንጣቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ለልጃቸው ሠርግ በስድስት ሰዓት አውቶቡስ ከሚሴ ሊወርዱ ነው፤ ሲመለሱ ወር ያልፋል። ሥራው የአፍታ ነው አሉ፤ ነገር ግን መነጽራቸው እግሩ ተሰብሮ ሰዓት ሠሪው ወርቄ ዘንድ ነው። ያለ መነጽር አልበይድም አሉ።

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው። እትዬ ደብሪቱ ወደ ወርቄ ሮጡ።

«ወርቄ፣ መነጽር ስጠኝ። ያለ መነጽር ጋሽ እንድሪስ አይበይዱ፤ ካልበየዱ ቁልፏ ‹ር› አትል።»

ወርቄ ከሱቁ ውጭ ቆሞ በሩን ይገፋል። መነጽሩን ትናንት ጠግኖታል፤ የሌሊቱ ዝናብ ግን በሩን አሳብጦ ከመቃኑ ጋር አጣብቆታል። አናጢው ሙሄ መጥቶ ካልነቀለው መነጽሩ አይወጣም አለ።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ሙሄ ቁልቁል ሮጡ።

«ልጄ ሙሄ፣ በሩን ንቀልልኝ። በሩ ካልተነቀለ መነጽሩ አይወጣ፤ ያለ መነጽር ጋሽ እንድሪስ አይበይዱ፤ ካልበየዱ ቁልፏ ‹ር› አትል።»

ሙሄ ባዶ ቤት ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዛሬ ሱቅ እየቀየረ ነው። መዶሻውም ጉጠቱም በአህያ ነጂዋ በዘሐራ አህያ ላይ ተጭኖ ወጥቷል፤ አህያዋም ዳገቱ ወገብ ላይ ቆማ ቀርታለች። መዶሻዬ ካልመጣ በጥርሴ ልንቀለው ወይ አላቸው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሙሄን አስከትለው ወደ ዳገቱ ሮጡ። አህያዋ መንገዱን ዘግታ እንደ ድንጋይ ተተክላለች። መዶሻው ከከባዱ ጭነት ሥር ስለሆነ ዳገት ላይ ማራገፍ አይቻልም። ዘሐራ ጉንጯ አብጦ፣ አፏ በጥጥ ተሞልቶ አጠገቧ ቆማለች።

«እባክሽ አህያዬ፣ ሂጅልኝ። ካልሄድሽ መዶሻው አይደርስ፤ ያለ መዶሻ በሩ አይነቀል፤ በሩ ካልተነቀለ መነጽሩ አይወጣ፤ ያለ መነጽር ጋሽ እንድሪስ አይበይዱ፤ ካልበየዱ ቁልፏ ‹ር› አትል።»

አህያዋ ጆሮዋን ጣለች። ሙሄ ነገሩን አስረዳቸው። ዘሐራ አህያዋን ከውርንጭላነቷ ጀምራ በምላሷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ነው ያለማመደቻት፤ ያለዚያ በዱላም በልመናም አትሄድም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዘሐራ ጥርሷን ተነቅላ ምላሷ አልታዘዝ ብሏታል። ሙሄ በራሱ ምላስ ሞከረ፤ አህያዋ ዞራም አላየችው። እትዬ ደብሪቱም ሞከሩ፤ ምራቅ ብቻ ወጣቸው።

ድክም አላቸው። አንድ ወር ሊጠብቁ ነው። ሰሌዳውን እንዳቀፉ አህያዋ ጎን ላይ ደገፍ ሲሉ ክርናቸው ሻሹን ተጫነ። ጠቅ።

አንድ ጆሮ ቀና አለ።

እትዬ ደብሪቱ ትንፋሻቸውን ውጠው ሻሹን ፈቱ፤ ጣታቸውን ከረድፍ ረድፍ አስሮጡ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሁለቱም ጆሮዎች ቆሙ። አህያዋ አንድ እግር አነሣች፣ ሌላውን አስከተለች። ዘሐራ በጥጥ በታፈነ አፏ ሳቀች። እትዬ ደብሪቱ ከፊት ከፊት እየመቱ፣ አህያዋ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች፣ ያ ሁሉ መንገደኛ ቆሞ እያየ ፒያሳ፣ ወርቄ ሱቅ ደጃፍ ደረሱ።

አህያዋ ሄደች፤ መዶሻው ደረሰ። መዶሻው ደረሰ፤ በሩ ተነቀለ። በሩ ተነቀለ፤ መነጽሩ ወጣ። መነጽሩ ወጣ፤ ጋሽ እንድሪስ አጠለቁት። ሩብ ጉዳይ ለስድስት ነበር። አንዲት የስታኞ ጠብታ አቅልጠው፣ ሽቦዋን ከሽቦዋ አገናኝተው እፍ አሉባት።

«ይምቷት» አሉ።

እትዬ ደብሪቱ መቱ። «ር» አለች። እጃቸውን ከላይዋ ማንሣት አቃታቸው፤ የስልኩ መስኮት «ርርርርርር» እያለ ሞላ። ጋሽ እንድሪስ ሻንጣቸውን አንሥተው ሲወጡ፣ እትዬ ደብሪቱ ቀና ብለው ሠርጉን መረቁላቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ገጽ ጻፉ፤ በሁለት ወር መጽሐፉን ጨረሱ። እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ እናንተም አውሩት። መሐል ላይ የጠፋበት ሰው ካለ ከአህያዋ ይጀምር።