አይናዲስ ወደ ስልጠናው የሄደችበት ጠዋት

ጠጋ በሉማ፣ የአንዲት መምህርት ነገር ልንገራችሁ። አይናዲስ ትባላለች፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የአራት ዓመቷ ኤልዳና፣ ትናከሳለች። ርዕሰ መምህሩ «ሌላ ልጅ ደግማ ከነከሰች ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች» ብለዋል። አይናዲስ አርጩሜ ማንሳት አትወድም። አስቸጋሪ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ስልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምታ መሄድ ፈለገች። ስልጠናው የዚያን ጠዋት ብቻ ነው።

ወደ ምግብ አብሳይዋ ሄደች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ክፍሌን ይያዙልኝ፤ ክፍሉ ከተያዘ ስልጠና እሄዳለሁ።»

«እይዝልሽ ነበር፤ ቅንጬውን ማን ያማስለዋል? ያርርብኛል።»

ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ጋሽ ደምለው፣ ቅንጬውን ያማስሉልኝ፤ ቅንጬው ከተማሰለ እትዬ ዘርፌ ክፍሉን ይይዛሉ፤ ክፍሉ ከተያዘ ስልጠና እሄዳለሁ።»

«ማማሰሉስ አያቅተኝም፤ በሩን ማን ይጠብቃል? ልጆቹ አስፋልት ይወጣሉ።»

በሩ አጠገብ የኤልዳና እናት ብርቄ ቆማለች። ልጅቷ ቀሚሷን ጨብጣ እሪ ትላለች።

«ብርቄ፣ እባክሽ በሩን ጠብቂልኝ፤ በሩ ከተጠበቀ ጋሽ ደምለው ቅንጬውን ያማስላሉ፤ ቅንጬው ከተማሰለ እትዬ ዘርፌ ክፍሉን ይይዛሉ፤ ክፍሉ ከተያዘ ስልጠና እሄዳለሁ።»

ብርቄ አንገቷን ደፋች። «ቲቸር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይህቺ ቀሚሴን ይዛ ልጆቹን እንዴት አስቆማለሁ? በግድ ካላቀቅኳት ደግሞ ያገኘችውን ትነክሳለች።»

እንግዲህ ኤልዳና ካልለቀቀች ብርቄ በሩን አትጠብቅም፤ በሩ ካልተጠበቀ ጋሽ ደምለው አያማስሉም፤ ቅንጬው ካልተማሰለ እትዬ ዘርፌ ክፍሉን አይይዙም፤ ክፍሉ ካልተያዘ ስልጠና የለም። የቀረችው ኤልዳና ናት።

አይናዲስ ተንበረከከችና እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ነከሰቻት።

አይናዲስ አልጮኸችም። «አመመኝ» አለች በዝግታ። «ምን ፈርተሽ ነው?»

«እማዬ ትሄዳለች» አለች ኤልዳና።

«ስትሄድስ?»

«አትመጣም። አባዬም ሄዶ አልመጣም።»

ብርቄ ፊቷን አዞረች።

«መስኮቱ ጋ አስቀምጥሻለሁ» አለች አይናዲስ። «እናትሽ በሩ ላይ ትሆናለች። ቀና ባልሽ ቁጥር ታያታለሽ።»

«ሳልነግርሽ አልሄድም» አለች ብርቄ።

ልጅቷ መስኮቱን አየች፤ በሩን አየች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች።

ኤልዳና ቀሚሱን ለቀቀች፤ ብርቄ በሩን ጠበቀች፤ ጋሽ ደምለው ቅንጬውን አማሰሉ፤ እትዬ ዘርፌ ክፍሉን ያዙ፤ አይናዲስ ስልጠና ሄደች።

አርፍዳ ደረሰች። አሰልጣኟ ምን እንዳቆያት ጠየቀቻት፤ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ፣ «ዛሬስ እናቷ በር ላይ ናት፤ ነገ ሥራ ስትሄድ ምን ላድርግ?» አለች።

አሰልጣኟ ወንበር ሳበችላት።

«ከዚያው እንጀምራለን» አለቻት፤ «ተቀመጪ።»