ከብሎኑ ሥር የተገኘው ቀለም

አንድ ባለተሳቢ ሹፌር ነበር፤ ዘውዱ ይባላል። ታናሽ ወንድሙ ታፈሰም እንደሱ ከባድ መኪና ይነዳል። ሁለቱ ሁልጊዜ ተከታትለው ነው የሚጓዙት፤ ታላቅ ከፊት፣ ታናሽ ከኋላ። የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉሙ መንገዱን ስለሚሸፍነው ታፈሰ የወንድሙን የኋላ ቀይ መብራት እያየ ይከተላል።

አንድ ዓመት የዘውዱ መኪና ተገለበጠ። ታፈሰ መስታወቱን ሰብሮ ጎትቶ አወጣውና በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አደረሰው። ዘውዱ ሲድን ስለቱን ሊያደርስ መኪናውን አሠርቶ ተሳቢውን አረንጓዴ አስቀባ። ቀለም ቀቢውን «የስለት ነው፤ ብሎኑን ሳይቀር እየፈታህ ከሥሩ ቀባልኝ» አለው። ከኋላም በትልቁ «ተመስገን» ብሎ አስጻፈ። ለታፈሰ ግን ምንም አላለውም። ወንድም አይደል? ለወንድም ደግሞ ምን ምስጋና አለ፣ እንደ ባዳ!

ከዚያ ወዲህ የተሳቢው መብራት ዐመል አወጣ። ፍሬን ሲረግጥ የኋላው መብራት ይደክማል፤ የግራ ፍሬቻ ሲያበራ ሁሉም አብሮ ይርገበገባል። ዘውዱ አምፖል ቀየረ። ፊውዝ ቀየረ። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው የሚሄደውን ገመድ ከነሶኬቱ ቀየረ። ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ መብራቱ ጭራሽ ድርግም ብሎ ጠፋ። የታፈሰ መኪና አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ታፈሰ ወርዶ አልተቆጣም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ወንድምዓለም፣ አላየሁህም እኮ» ብቻ አለ።

ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀው ወረዱና ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ሽብሩ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። አምፖሎቹን አልነኩም። ቁራጭ ሽቦ አወጡና አንዱን ጫፍ ከጎታቹ መኪና የብረት አካል፣ ሌላውን ከተሳቢው መብራት ጥቁር ሽቦ ጋር አገናኙት። መብራቱ ሁሉ ቦግ አለ።

«አየህ ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ መሄዱ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ወጣበት መመለስ አለበት» አሉ። «መሄጃው ለየመብራቱ ለየብቻ ነው። መመለሻቸው ግን ይቺ አንዷ ጥቁር ሽቦ ናት። ሰው መሄጃውን ሲቀይር ይከርማል፣ እሷን ዞር ብሎ የሚያያት የለም።»

ከዚያ ጥቁሯ ሽቦ ከተሳቢው ብረት ጋር የታሰረችበትን ብሎን ፈቱ። ከሥሩ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ አረንጓዴ ቀለም ተጋግሮ ተገኘ።

«ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ ያስቀባሁት። አምላክ ከተገለበጠ መኪና ስላወጣኝ ያስገባሁት ስለት ነው።»

«ደግ አድርገሃል። በማን እጅ አወጣህ?»

ዘውዱ ዞር ብሎ ወንድሙን አየ። ታፈሰ ተንበርክኮ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ነበር። ዘውዱ መንገድ ለለቀቀለት ለማያውቀው ሹፌር ሁሉ መብራት ብልጭ አድርጎ ያመሰግናል። አዝሎ ላዳነው ወንድሙ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። አፈረ።

«ታፌ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። «አንተ ባትኖር ዛሬ የለሁም ነበር።»

«ምን ነካህ ወንድምዓለም፣ ሥራችንን እንሥራ» አለ ታፈሰ፤ ዓይኑን ግን በእጅጌው ጠረገ።

ብረቱ ተፍቆ ነጣ። ሽቦዋ ታሰረች። በሚቀጥለው ጉዞ ጉሙ እንደልማዱ ቁልቁለቱን ሞልቶት ነበር። ዘውዱ ፍሬን ረገጠ፤ ቀዩ መብራት ደምቆ በራ። ታፈሰ ከኋላ የፊት መብራቱን አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገለት።

ወዳጆቼ፣ የተደረገልን ደግነት ወደኛ የመጣበት መንገድ አለ፤ ምስጋና ደግሞ መመለሻው ነው። መመለሻው ሲዘጋ በሰዎች መካከል ያለው መብራት ይደክማል፤ እኛም አምፖል ስንቀይር እንውላለን። የሚብሰው ደግሞ የምንዘጋው በጣም በቀረቡን ሰዎች ላይ መሆኑ ነው። «የራሴ ሰው ነው፣ ያውቀዋል» እያልን።

እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ላሳደገችኝ ለታላቅ እህቴ ደውዬ፣ «እትዬ፣ ስላሳደግሽኝ አመሰግናለሁ» አልኳት። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ ደንግጣ። ቀለሙ ምን ያህል እንደወፈረ ያን ጊዜ ገባኝ።

እናንተስ ብትደውሉ የሚደነግጠው ማን ነው?