ሽኮኮና የማለዳዋ ገዢ

ተረት አለኝ፤ ይምጣ በሉኝ። ጮክ ብላችሁ እንጂ፣ ምነው፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? እንዲህ ነው! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ጣሳም በርም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ጭንቀታም ነበረች፤ ጭንቀታም ስላችሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ቅጠል ሲወድቅ ትደነግጣለች፤ ሳይወድቅ ሲቀር ደግሞ ዛሬስ ምነው ቅጠል አልወደቀ ብላ ትደነግጣለች። ልጆቿን ይዛ ከትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ ከመንገድ ዳር ባለች ዋሻ ትኖር ነበር።

የአገሩ ዳኛ ዝንጀሮ አንድ ቀን አስጠራትና፣ ዋሻሽ መንገድ ላይ ናትና ሱቅ ትሁን አላት። ክረምት ከመግባቱ በፊት እንስሳው ሁሉ የሚገበያይባት ከሆነች፣ ዋሻዋ ለእሷና ለልጆቿ ትጸናላቸዋለች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ደጃፏ ላይ የገዢ ዱካ ካልተገኘ ግን አያ ጅቦ ይወስዳታል፤ አጥንት ማስቀመጫ ትሁነኝ ብሎ ከለመነ ቆይቷልና።

ሽኮኮ ይህን ስትሰማ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ልጆቼን ዝናብ ላይ ልበትናቸው ነው አለች። ግን ምን ታደርጋለች? ሱቋን ከፈተች። በዚያ ዘመን ገንዘብ የሚባል የለም፤ ያለህን ታመጣለህ፣ የሌለህን ትወስዳለህ። የእሷ ዕቃ ጨውና ደረቅ ሣር ብቻ ነው። መስፈሪያ ጣሳ አለቻት፣ የእንጨት መደርደሪያ አላት፣ በር አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ገና ዕቃዋን ደርድራ ሳትጨርስ አያ ጅቦ ከች አለ። እየሳቀ ከደጃፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደ፣ ተመለሰና ደግሞ ተራመደ።

«ምን እየለካህ ነው አያ ጅቦ?» አለችው ሽኮኮ።

«ኧረ ምንም፤ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አላት።

ከዚያ ወዳጅ መስሎ መከራት። ጨውና ሣር ብቻ ይዞ ሱቅ ከፈትኩ ማለት ያሳፍራል፤ ሁሉ ነገር ያለበት ሲሆን ነው ገዢ የሚጎርፈው አላት። ሽኮኮም ተጨነቀችና አመነችው። ሣሯን በሙሉ ለሸቀጠኛው ቁራ ሰጥታ ቃጭል ወሰደች፣ የሰጎን ላባ ወሰደች፣ የተሰነጠቀ መስታወት ወሰደች።

መደርደሪያው ወገቡን ያዘ። «እመት ሽኮኮ፣ ይህ ሁሉ ቃጭል ለማን ነው? የማን አንገት ሊበቃው ነው?» አለ።

«ዝም በል፣ አትረብሸኝ» አለችው።

ፍየል መጣች። ጨው ፈልጋ ነበር። አንገቷን ስታስገባ ቃጭሉ ተንቃጨለ፣ ላባው አፍንጫዋን ነካት፣ በመስታወቱ ውስጥ ሌላ ፍየል አፈጠጠችባት። ዘላ ወጣች። ዘላ ሄደች። አልተመለሰችም።

ሽኮኮ ወደ ሰማይ አየች። አንዲት ነጭ ደመና ብቅ ብላለች።

በማግስቱ አያ ጅቦ ደግሞ መጣ፤ ደጃፉን ደግሞ ተራመደበት። ሱቅሽ ጠበበች እኮ አላት። ጓዳ ጨምሪባት፣ ጨዉንም እዚያ ከኋላ ክተቺው፤ በግልጽ የተቀመጠ ነገር ይናቃል አላት። ሽኮኮ የፊቱ ክፍል ገና አንድ ገዢ ሳያይ የኋላውን መቆፈር ጀመረች። ጫረች፣ ጫረች፣ ጫረች። አቧራው ቃጭሉን አለበሰው፣ ላባውን አለበሰው፣ እሷንም አለበሳት።

«ኧረ እመት ሽኮኮ፣ እዚህ ማን ገባና ነው ጓዳ የምትጨምሪው?» አለች ጣሳዋ፣ አቧራ እየተፋች።

«ዝም በይ፣ አትረብሽኝ» አለቻት።

አህያ መጣ። እሱም የፈለገው ጨው ነው። ገባና አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። ሦስተኛ ሲያነጥስ መስታወቱ ወድቆ እንክትክት አለ፤ አህያም ደንግጦ ጆሮውን ጥሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ሽኮኮ ወደ ሰማይ አየች። ደመናዋ ግራጫ ሆናለች፤ እህቶቿንም ጠርታለች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ወፍ ገና ሲንጫጫ፣ በሩ ኳ ኳ አለ። አያ ጅቦ ግን ቀድሞ መጥቶ ውስጥ ተቀምጧል። ሽኮኮ በቀዳዳ ብታይ ኤሊ ናት፤ አሮጊቷ እትዬ ኤሊ።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ነጋዴ ለማለዳ ገዢው እንዴት እንደሚጠነቀቅ። ቀኑ የሚውለው እንደ ጀማሪው እግር ነው ይላል። አያ ጅቦም ይህን ያውቃል።

«እንዳትከፍቺ» አላት በሹክሹክታ። «ኤሊ እግረ ደረቅ ናት። እሷ ካስጀመረችሽ ገበያሽ እንደ እሷ ሲንፏቀቅ ይውላል።»

«እኔ ልከፈት ነው» አለ በሩ። «ማንኳኳቷን ሰምቻለሁ።»

«ዝም በል» አለች ሽኮኮ፣ በጀርባዋም ደግፋ ያዘችው።

ኤሊ አንኳኳች። ቆየችና አንኳኳች። አሁንም ቆየችና አንኳኳች። ከዚያ ዞራ እየተንፏቀቀች ሄደች። ሽኮኮ እፎይ አለች፣ የሚቀጥለውን እግር ጠበቀች። ፀሐይ ወጣች፣ ማንም የለም። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፣ ማንም የለም። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ እንኳን ገዢ ዝንብም የለም። አያ ጅቦ ብቻ በልጆቿ መኝታ ላይ ተንጋሎ፣ እዚህ ጋ ጭን አኖራለሁ፣ እዚያ ጋ ጎድን አኖራለሁ እያለ ለራሱ ያንጎራጉራል። ልጆቿ እናታቸው ሆድ ሥር ተሸጎጡ።

በማግስቱ ማለዳ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ነጋ። ነጎድጓዱ ከሩቅ ሆዱ እንደሚጮህበት ሰው ያጉረመርማል። አያ ጅቦ አጥንቱን ሊያመጣ ሄዷል። በሩ ኳ ኳ አለ። ሽኮኮ በቀዳዳ አየች። ያችው ኤሊ!

«ወይኔ፣ በዛሬ ቀን? ዛሬ የመጨረሻዬ ነው እኮ» አለች።

ጣሳዋ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም። «እስቲ ልጠይቅሽ» አለቻት። «ከእሷ ሌላ በርሽን ያንኳኳ ማን አለ? ደረቅም ይሁን እርጥብ፣ ያለሽ እግር ይህ ብቻ ነው።»

ሽኮኮ አሰበች። እውነት ነው፣ ሌላ እግር የላትም። እየተንቀጠቀጠች በሩን ለቀቀችው፤ በሩም ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ኤሊ። ምን ልስጥዎት?» አለች።

ይህን ጥያቄ ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ ማንንም ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ጨው ነዋ ልጄ» አለች ኤሊ። «ክረምት ሳይገባ ሁሉም የሚፈልገው ጨው ነው። ትናንትም ለዚሁ መጥቼ ነበር። እኔ ቀርፋፋ ነኝ፤ መንገድ ላይ ሁሉም ይቀድመኛል። የሚቀድመኝ ሁሉ ደግሞ ከየት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ዝግ ነው አልኳቸው። ታዲያ ልዋሽልሽ ኖሯል?»

ሽኮኮ ክው አለች። ለካ ገበያዋን ሁሉ በገዛ ጀርባዋ ዘግታ የመለሰችው እሷው ናት!

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቃጭሉን ጠርጋ ወደ ጓዳው ጉድጓድ፣ ላባውንም ወደ ጉድጓዱ። ጨዉን ከኋላ አውጥታ መደርደሪያው ፊት ለፊት አኖረችው፤ መደርደሪያውም ወገቡን ቀና አደረገ። ጣሳዋን ሞልታ ሰፈረችላት፤ በላዩም ቆንጠር አድርጋ ምርቃት ጨመረችላት። ኤሊም ያመጣችውን የጎመን ቅጠል አስቀምጣ፣ ምርቃቷን እየላሰች ወጣች።

ቀስ ብላ ሄደች። ሚዳቋ ደረሰችባትና ከየት ነው አለቻት። ከሽኮኮ ሱቅ፣ ያውም ከነምርቃቱ። አህያ ደረሰባት፣ ከየት ነው? ከሽኮኮ ሱቅ፣ ያውም ከነምርቃቱ። ፍየል ደረሰችባት፤ ይህችኛዋስ መልሱን እንኳ ሰምታ አልጨረሰች፣ ጨዉ ሸቷት በረረች። ቀኑ ሳይጋመስ ደጃፉ መቆሚያ ጠፋበት። አንዱ ወተት፣ አንዱ ማር፣ አህያ ደግሞ ደረቅ ሣር በሸክም ይዞ መጣ። ሽኮኮ ትሰፍራለች፣ ትጨምራለች፣ ምን ልስጥህ ትላለች። ልጆቿም ከሆዷ ሥር ወጥተው ሣሩን ያነጥፋሉ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጠብ አለች። ዳኛው ዝንጀሮ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ደጃፉን አየ። የፍየል ሰኮና፣ የሚዳቋ ሰኮና፣ የአህያ ሰኮና፤ መሬቱ አይታይም። ዋሻዋ የሽኮኮ ናት ብሎ ፈረደ። አያ ጅቦ አጥንቱን ተሸክሞ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበርና ዝናቡ እላዩ ላይ ወረደበት።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ኳ ኳ አለ። ሽኮኮ በቀዳዳ አየች። አያ ጅቦ ነው፤ በስብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ይህስ ቢያስጀምረኝ ቀኔ ምን ይሆን ብላ አሰበች። ጣሳዋ ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ክፈችለት፤ እግሩ እንደሆነ ደረቅ አይደለም፣ ጭቃ በጭቃ ነው» አለቻት።

ሽኮኮ ከፈተች። ጥርሷ ትንሽ ተንቀጫቀጨ እንጂ ከፈተች።

«ምን ልስጥህ አያ ጅቦ? በል አስጀምረኝ» አለችው።

አያችሁ ልጆቼ፣ ሱቅ የከፈተ ሰው የሚጨንቀው ነገር መቼም አይጠፋም። ይጨነቅ፤ ግን እየተጨነቀም ቢሆን ያለችውን ነገር ፊት ለፊት ያኑር፣ ያንኳኳውን ይክፈትለት፣ የሚፈልገውን ይጠይቀው።

ተረቴን ሰፈርኩላችሁ፤ ነገ ደግሞ ለሌላ ስፈሩ፣ ምርቃቷን እንዳትረሱ።