ወጥቶ ያልደረሰው ዘማች

አንድ በፈቃዱ ለዘመቻ የተመዘገበ ገበሬ ነበረ።

እየተሠራ ባለው ሕንጻ ዘበኛ የሆኑት ጋሽ ወልደሰንበት ጨዋታውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ድንጋይ ተሸካሚው ይርዳው ለጠየቃቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። አብረውት የሚሠሩት በምሳ ሰዓት ፊደል አስቆጥረን ብለው ይዘውታል። እሱ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። «ጋሼ፣ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ከማን ይቆጠራል? ከተማሩት ነው ካልተማሩት?» አላቸው። እሳቸውም ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀጠሉ።

ባሕር ማዶ ጦርነት ነበር። በፈቃዱ የሚዘምት ይነሳ ሲባል ከዚያ መንደር እሱ ብቻ ተነሳ። ምን ነካህ ቢሉት «ባሕር የሚሉትን ነገር ሳላይ አልሞትም» አለ። ሰው ሳቀ። ግን በዚያ አገር ደንብ አለ፤ የዘማች ማሳ ጦሙን አያድርም። ጎረቤቶቹ ገበያው መሀል ቆመው «እስክትመለስ ድረስ ያንተን ማሳ ሳናርስ የራሳችንን አንነካም» ብለው ማሉለት።

ማሠልጠኛ ገባ። መርከብ ሊሳፈሩ ሳምንት ሲቀራቸው ሐኪም ጀርባውን አንኳኳ። «ሳል» አለው፤ ሳለ። «ተንፍስ» አለው፤ ተነፈሰ። «ሳንባህ ታሟል፤ ወደ ቤትህ።» በቃ። ልብሱን አስረከበና አንዲት ወረቀት ተቀብሎ ጭነት መኪና ላይ ወጣ።

መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነው ቆየ። ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ ሹፌሩን ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ እኔ አሁን ዘማች ነኝ ወይስ ቀሪ?»

«እኔ እንጃ! ለኔ ጭነት ነህ» አለው ሹፌሩ።

ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። የእርሻ ወቅት ነው፤ ጎረቤቶቹ ማሳው ላይ ናቸው። መጣሁ ካለ መሐላው ያበቃል። እርፉን ራሱ ሊጨብጥ ነው፤ በዚህ ደረት ደግሞ ሁለት ትልም አይዘልቅም። ታዲያ ልጆቹ ምን ሊበሉ? ዝም ቢል ደግሞ ያልዘመተ ሰው የዘማች ድርሻ በላ ሊባል ነው። አሰበ አሰበና፣ አርሰው እስኪጨርሱ ብሎ ከጉብታው ጀርባ እህቱ ቤት ተደበቀ።

«ባሕር ማዶ ሄደ ስንል የኔ ጓዳ ነው እንዴ ባሕር ማዶው?» አለችው እህቱ።

«ዝም በይ። አልመጣሁም።»

በየጠዋቱ ጉብታው ላይ ይወጣና ሣር ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ያያል። ማን ይመጣል? ማን ይቀራል? ስሜን ሲያነሱ ይስቁ ይሆን? በአራተኛው ቀን ያስተዋለው ነገር ሌላ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሽማግሌ በሬውን ከሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ የሱን ማሳ ያርሳል። የሽማግሌው መሬት ግን ከቦዩ ወዲያ አረም ወርሶታል፤ ዝናቡም ሊያልፍ ነው።

ተነስቶ ወረደ። እየሳለ ማሳው መሀል ቆመና ወረቀቱን አወጣ።

«ባሕሩን አላየሁትም። ታመሃል ብለው መለሱኝ። ከመጣሁ አራት ቀኔ ነው፤ እስክታርሱልኝ ተደብቄ ነበር። መሐላችሁ አብቅቷል፤ በሬዎቹን ፍቱ።»

ሽማግሌው እርፉን ሳይለቅ አየው።

«ገበያው ላይ የዚያን ቀን ስንት ወንድ ነበር?»

«ብዙ።»

«ከዚያ ሁሉ ማን ተነሳ?»

«እኔ።»

«እኛ የማልነው ለተነሳው ነው። ባሕሩን አየ አላየ ምናችን ነው? እኛስ መች አየነው? ይልቅ አራት ቀን ሙሉ ሣር ውስጥ መጋደምህ ነው የሚያሳፍረው! ጉልበት የለኝም ካልክ ዘር መበተን ምን ይከብዳል? ይሄን ጊዜ የኔም መሬት በደረሰልኝ።»

ሰውየው ኩታውን አሸረጠና ዘሩን ተቀበለ። እሱ ከፊት እየበተነ፣ በሬዎቹ ከኋላ እያለበሱ፣ በሳምንት የሱንም የሽማግሌውንም ጨረሱ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ማሳ አለፉ። ሳሉ ሲነሳበት ይቀመጣል፤ ሲተወው ይነሳል። ዘማች ይሁን ቀሪ፣ የጠየቀ አልነበረም። እሱም መጠየቁን ረሳው።

ጋሽ ወልደሰንበት እዚህ ላይ ወደ ይርዳው ዞሩ።

«አንተም ልጄ እንደዚያ ሰው ነህ። ልትማር ተነስተህ ነበር፤ ኑሮ ከመንገድ መለሰህ። ይሄ አያሳፍርም። ግን አሁን ጉብታ ላይ ተጋድመህ ከማን ልቆጠር እያልክ ነው፤ ከታች ያሉት ጓደኞችህ ደግሞ መሬታቸው ጦሙን እያደረ ነው። ሀ ሁን ታውቃለህ አይደል? ውረድና በትናት።»