ጤፉ የረገፈበት አውራጅ

አንድ ባለጠጋ ገበሬ ነበረ። ይርዳው፣ «በዩኒቨርሲቲያችን ስም ኳስ የሚጫወቱት ተማሪዎች ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው?» ብለህ የጠየቅኸኝን የሸሸሁ እንዳይመስልህ፤ ወደዚያው ነው የምሄደው። አንተ ብቻ አዳምጠኝ።

ይህ ባለጠጋ ማሳው ሰፊ ነበር፤ ደግሶም የማይሰስት ሰው ነበር። ደቦ ሲጠራ እንደ ሌላው ንፍሮ ቀቅሎ አይገላገልም፤ ፍሪዳ ይጥላል፣ ጠላውም አይነጥፍም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ያጭድለት ነበር። ከአጫጆቹ መካከል ዘፈን የሚያወርድ አንድ ወጣት ነበረ። እሱ ሲያወርድ ረድፉ በአንድ አፍ ይቀበላል፣ ማጭዱም አብሮ ይሄዳል፤ የደከመ ወገብ ድካሙን ይረሳል። ድምፁን የሰማ መንገደኛ አህያውን አቁሞ ይቀር ነበር።

ወሬው ወንዝ ተሻገረ። አጨዳ ሲደርስ አውራጁን ለመስማት ብቻ ከሩቅ ቀበሌ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ነጋዴዎችም ይህን አይተው በማሳው ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ጠላና ቆሎ መሸጥ ያዙ። የቦታውን ኪራይ የሚቀበለው ባለጠጋው ነበር። አውራጁንስ ረሳው? አልረሳውም። ከሥጋው የተሻለውን ያስቆርጥለታል፣ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፣ አዲስ ጋቢም አልብሶታል። «እኔ ቤት ምን ጎደለበት?» ይል ነበር፤ የሚለውም ከልቡ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዝልኝ።

ችግሩ ደቦው ማለቂያ ማጣቱ ነው። የታችኛው ማሳ ሲያልቅ «ነገ ደግሞ የላይኛውን» ይላል፤ የላይኛው ሲያልቅ የወንዝ ዳሩን። ድንኳኖቹ እንዲነሱ አልፈለገማ!

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አውራጁን ለነገ ሊጠራው ጎራ አለ። ወጣቱ ከትንሽ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ጤፉን ያያል። ጤፉ ደርሶ አልፎበታል፤ ግማሹ ፍሬ መሬት ላይ ረግፎ ወፍ ይለቅመዋል። ባለጠጋው ክው አለ።

«ምነው ሳታጭደው?»

«መቼ ልጨደው ጋሼ? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እርስዎ ማሳ ላይ ነኝ። የራሴን ጊዜ የማገኘው በሰንበት ነው፤ በሰንበት ደግሞ ማጭድ አይነሳም።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«በጠሩኝ ቁጥር ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ማውረድ እወዳለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ሲቀበለኝ ሌላ ሰው ነው የምሆነው። ግን ድምፅ ነው ጋሼ፤ አንድ ቀን ይዘጋል። ያን ቀን የሚያኖረኝ ይሄ ማሳ ነው። የዓመት ቀለቤም የከርሞ ዘሬም እዚሁ ነበር።»

ባለጠጋው ቤቱ ገባ፣ ምሳ ቀረበለት፣ ገፋ አደረገው። ያ ሲኮራበት የኖረው ፍሪዳ ሁሉ ትዝ አለውና አፈረ።

ሰኞ ጠዋት ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ድንኳኑ ሞልቷል፣ የባለጠጋው ትልቁ ማሳ ማጭድ ይጠብቃል። እሱ ግን ማጭዱን ይዞ የገዛ ማሳውን አልፎ ሄደ። «ወዴት ነው?» እያለ ግራ የገባው ሰው ሁሉ ተከተለው። ከአውራጁ ማሳ ሲደርስ ጋቢውን ጣለ፣ ጎንበስ አለ፣ ማጨድ ጀመረ። ወጣቱ ሊያወርድ አፉን ሲከፍት «ተው፣ ዛሬ አንተ ተቀበል» አለና እሱው አወረደ። አቤት ድምፅ! የተሰነጠቀ እንስራ በለው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ግን እየሳቀ ተቀበለው፣ እየተቀበለም አጨደ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ነዶው ተከመረ።

የረገፈውን ከገዛ ጎተራው ሞላለት። የድንኳኑን ኪራይም ከዚያ ወዲህ ለብቻው አልበላውም፤ ለአውራጁና አብረውት ለሚቀበሉት አጫጆች ያካፍል ጀመር። ይህን የሰማ አንድ ሀብታም ጎረቤቱ እየጮኸ መጣ።

«ደቦን ገደልከው! ከእንግዲህ ማን በነፃ ይመጣልናል?»

«ደቦውን የገደልኩት ዛሬ አይደለም» አለው ባለጠጋው። «ድንኳን ያስተከልኩ ዕለት ነው።»

በዚያ ሰኞ የባለጠጋውም ጤፍ ረግፏል። አልቆጨውም ብዬ አልዋሽህም፤ ግን ዞሮ አላየውም። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው እወደዋለሁ ይርዳው። ቸር ነኝ ብሎ ተሳሳተ፤ ሲገባው ደግሞ በአፉ ይቅርታ ብሎ አልቀረም፣ ወገቡን አጉብጦ አጨደ። ስንቱ ባለጠጋ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፤ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህና። «እናበላቸዋለን፣ እናሳድራቸዋለን፣ ምን ጎደለባቸው?» ብለኸኛል፤ ባለጠጋውም እንዲሁ ይል ነበር። «ብር ከገባበት ለፍቅር መጫወቱ ይቀራል» ብለኸኛል። ታዲያ በር ላይ ትኬት የምትሸጡት፣ ማልያቸው ላይ የባንክ ስም የለጠፋችሁት ለፍቅር ነው? ድንኳኑን ተክላችኋል፤ እንግዲህ አካፍሏቸው። ጎል ለሚያገባው ብቻ አይደለም፤ ኳሱን ለሚያቀብለውም፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለሚቀመጠውም።

ከብሩ በፊት ግን የወሰዳችሁባቸውን ጊዜ መልሱላቸው። ትምህርታቸው ማሳቸው ነው። ጉልበታቸው እንደዚያ ልጅ ድምፅ አንድ ቀን ይከዳቸዋል፤ ያን ቀን የሚያኖራቸው እሱ ነው። እናንተ ግን ዝሩ ብላችሁ ፈቅዳችሁ፣ የሚያጭዱበትን ቀን ወሰዳችሁባቸው።

በረኛችሁ ሰኞ ፈተና አለበት፣ የዋንጫው ጨዋታም ሰኞ ነው ብለኸኝ የለ? ከየት ልጀምር አትበለኝ። ጨዋታውን ወደ ማክሰኞ አዛውርለት። ትኬት የገዛው ሰው ይስቅብህ ይሆናል። ይሳቅ፤ እየሳቀ ይቀበልሃል።